ስድስት ተኩል ጫማ

ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት፣ በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ነበር። «የተግባር ሂሳብ መግቢያ ከዚህ በፊት ተምረዋል? ከተማሩ የት?» ይላል። ከጥያቄው ቀጥሎ የተተወው ባዶ መስመር የአንድ ጣት ያህል ነው። ከፊቴ የተሰለፉት ወንዶች ልጆች ዘለውት አለፉ። እኔ ግን ብዕሩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ውሸት መጻፍ አልወድም፤ ባዶውን መተውም ውሸት መሰለኝ። «አዎ፤ ልደታ» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊው ቅጹን አነበበና፣ «ልደታ? የትኛው ትምህርት ቤት?» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሞ ነበር። እዚህ የምጽፈው ያን ቀን ለጸሐፊው ያልመለስኩለትን ነው።

ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የምማርበት የሴቶች ትምህርት ቤት ተዘጋ። ክፍልፋይ ገና መጀመራችን ነበር። መምህርታችን ሲሦና ሩብ ሲደመሩ ስንት እንደሚሆኑ ሰሌዳው ላይ ጽፋ፣ መልሱን ለነገ አቆየችው። ያ ነገ አልመጣም። እቤት ቁጭ ብዬ ጥጥ ስፈትል ጥያቄው ከእንዝርቱ ጋር ይዞር ነበር። አንድ ቀን ስንዴ ስለቅም አሥራ ሁለት ፍሬ ለይቼ አስቀመጥኩና ሲሦውንና ሩቡን አወጣሁ። ሰባት ፍሬ ሆነ። ሰባት ከአሥራ ሁለት። ደስታዬን ለማንም አልተናገርኩም።

ዓይን አፋር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ አልወጣም፤ ሰላምታ ስመልስ ድምፄ አይሰማም። እናቴ፣ «ይቺ ልጅ አፏን ለማን እንደምታስቀምጠው እንጃ» ትል ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ልብስ ስፌት እንድማር ከቤታችን ሦስት በር አለፍ ብሎ ወዳለ ሱቅ ወሰደችኝ።

ሱቁ የአንዲት ወሎዬ ሴት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትሠራ፣ ምላሷ ከመቀሷ የፈጠነ ሙስሊም ሴት ነበረች፤ እትዬ እላት ነበር። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የተወጠረ ጥቁር የሱፍ ጨርቅ ነበራት። ከመኪናው ኋላ የተቀመጡትን ረዥም ቀጭን ሰው፣ «ሠራተኛዬ ናቸው፤ ጋሼ በያቸው» አለችኝ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ደንበኛ አዲስ ኮቱን ለብሶ እየጮኸ ገባ።

«ምንድን ነው ይኼ? አንዱ እጅጌ እዚህ ያልቃል፣ አንዱ እዚያ!»

«ወላሂ እጅጌው ምንም አልሆነም፤ ክንድህ ነው የተዛነፈው» አለችው እትዬ። «አብሽር፣ አውልቀህ ስጠኝ። እስከ ነገ ሁለቱንም አስተካክላለሁ።»

ሰውዬው ሳይወድ ስቆ ወጣ። እሷ እጅጌውን ተርትራ እንደ ገና ስትሰፋ መጀመሪያ የሰፉት ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። ልብስ ሰፊ አለመሆናቸው ያኔ ገባኝ። አልጠየቅኩም።

በሳምንቱ ጋሼ አንድ ቁራጭ ሸማ ጨርቅ ሰጡኝና፣ «ይኼ ሦስት ክንድ ተኩል ነው። ለአራት እኩል ብትከፍይው አንዱ ስንት ይሆናል?» አሉኝ። እጥፍ አድርጌ እንደማሳያቸው ጠብቀው ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ጨርቁን ሳልነካ፣ «ሰባት ስምንተኛ ክንድ» አልኩ። ድምፄ እንደ ወትሮው አይሰማም ነበር፤ እርሳቸው ግን ሰሙት። የስፌት መኪናው ቆመ። ጋሼ እትዬን አዩዋት፤ እትዬ በሩን አየችው።

«ዝጊው» አሏት።

ታሪካቸውን በጥቂት ቃል ነገሩኝ። ባሕር ማዶ ተልከው ኮሌጅ ተምረዋል። የተመለሱት ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ነው። ከየካቲቱ ግፍ በኋላ የተማረ ሰው ሁሉ ሲታደን፣ መጽሐፎቻቸውን በገዛ እጃቸው አቃጠሉ። የተረፈቻቸው አንዲት ደብተር ናት፤ ኮሌጅ በገቡበት ዓመት የተማሩት የተግባር ሂሳብ መግቢያ። እሷንም በልብስ ንድፍ ወረቀት ሸፍነው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አኑረዋታል። «ይቺን ትምህርት እዚህ ካልሰጠኋት እኔም እረሳታለሁ» አሉ። እትዬ ደግሞ፣ «እኔም እማራለሁ። ጨርቅ ሳባክን ነው የኖርኩት፤ ደግሞስ በቤቴ የሚሰጥ ነገር እንዴት ያመልጠኛል?» አለች።

ኮሌጃችን እንዲህ ተከፈተ። ሰሌዳችን ግድግዳው ላይ የተወጠረው ጥቁር ሱፍ፣ ጠመኔያችን ልብስ ሰፊ የሚያሰምርበት ቁራጭ ሳሙና ነበር። ከውጭ የእግር ኮቴ ከተሰማ እትዬ ሱፉን በመዳፏ ሁለቴ ትመታዋለች፤ ቁጥሩ ሁሉ ብናኝ ሆኖ ይወርዳል። በየምዕራፉ መጨረሻ ጋሼ ይፈትኑናል። ውጤቱን ከአሥር ሰጥተው ሱፉ ላይ ይጽፉትና ወዲያው ያራግፉታል። ስንት ስምንትና ዘጠኝ በፀሐይ ጮራ ውስጥ ሲበር አየሁ! አሥር ግን ሰጥተው አያውቁም። እቤት ወረቀት ይዤ መሄድ ክልክል ስለነበር ሁሉን በጭንቅላቴ ይዤ እሄዳለሁ። ስለ ምጥጥን፣ ስለ ስፋት፣ ስለ ክብ እያሰብኩ እፈትላለሁ። እናቴ ቀጥ ያለ ስፌት ስትፈልግ እትዬ የሰፋችውን ወስጄ አሳያታለሁ። ይህ አንዱ ውሸቴ ነው።

የደብተሯ የመጀመሪያ መስመር «ማንኛውም ልክ ስህተት አለበት» ይላል። ጋሼ ይህን በየቀኑ ያስደግሙን ነበር። ትርጉሙ የገባኝ ግን ዛፉ የመጣ ጊዜ ነው።

በቤታችንና ጣሊያኖች በሚሠሩት አዲስ መንገድ መካከል አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ነበር። ሱቅ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም እንደ ተጋመሰ አንድ ሰኞ፣ ጣሊያናዊው የሥራ አለቃ ከአስተርጓሚው ጋር መጥቶ ዛፉን ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ቤታችንን አየ። በመንገዱ በኩል አዲስ የተዘረጋ የስልክ ሽቦ አለ። በአንድ ጎን የቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ በሌላው ጎን የሥራ ዕቃ መጋዘን ነው። ዛፉ የሚወድቅበት ክፍት ቦታ ወደ እኛ ያለው ብቻ ነበር። አለቃው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን ዘረጋ፣ አንድ ነገር ተናገረ። ሠራተኛው የቤታችንን ግድግዳ በኖራ መስቀለኛ አድርጎ ቀባው።

«እማማ፣ ትእዛዝ ነው» አለ አስተርጓሚው ለእናቴ። «ዛፉ ሲወድቅ ጫፉ ቤታችሁን ይመታል። ስለዚህ ሐሙስ ቤቱ ይፈርሳል፣ ዓርብ ዛፉ ይቆረጣል።»

«ዛፉን ከላይ እየከረከሙ ማውረድ አይቻልም?»

«ጊዜ የለም ይላል።»

«እኛስ የት እንሂድ?»

«እሱን አልተናገረም» አለና ሄደ።

ያ ቤት ሁለት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ነው፤ አናቱ ቆርቆሮ። አባቴና እናቴ ጭቃውን ራሳቸው ረግጠው ያቆሙት፣ እኔ የተወለድኩበት ነው። ሌላ ቦታ አልነበረንም። አባቴ ዓይናቸው እየፈዘዘ ነበር፤ ከዚያ ቤት በር እስከ ልደታ ማርያም ደጃፍ ድረስ ያለውን መንገድ በእግራቸው ቆጥረው ስለሚያውቁት ብቻ ነው ያለ መሪ የሚሄዱት።

አባቴ ደብተራ ነበሩ። በጾም ወራት ቅዳሴው የሚገባበትን ሰዓት የሚነግሩት እርሳቸው ናቸው። ፀሐይ ላይ ይቆሙና የራሳቸውን ጥላ በገዛ እግራቸው፣ ተረከዝን ከአውራ ጣት እያገናኙ ይለካሉ። ሰዓት ያሰረ ሰው ባጠገባቸው ቢኖር እንኳ ካህናቱ የሚያምኑት የእርሳቸውን ጥላ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አስተምረውኛል። «ሰው በገዛ ጫማው ሰባት ነው» ይሉኝ ነበር። «ጥላሽ ሰባት ሲሞላ አንቺና ጥላሽ እኩል ናችሁ።»

ሰኞ ማታ ይህን አሰብኩ። እኔና ጥላዬ እኩል በምንሆንበት ሰዓት ዛፉና ጥላውም እኩል ናቸው። የዛፉን ቁመት ዛፉ ላይ ሳልወጣ መለካት እችላለሁ። ጋሼ በምጥጥን ምዕራፍ ያስተማሩን ይህንኑ ነው።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በመጀመሪያ ከዛፉ ሥር እስከ ቤታችን ግድግዳ ድረስ ተረከዝ ከጣት እያገናኘሁ ለካሁ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየኛል። አንዱ ጎረቤት፣ «የደብተራው ልጅ፣ ዛሬ ጾሙን የምታስፈቺን አንቺ ነሽ እንዴ?» አለኝ። ፊቴ ጋለ፤ ቆጠራው ሊጠፋኝ ነበር፤ ግን አልቆምኩም። ዘጠና አምስት ጫማ። ከዚያ ሜዳ ላይ ቆምኩ። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ እንዳለ ጥላዬ ልክ ሰባት ሞላ። ሮጬ የዛፉ ጥላ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስቀመጥኩ። የዛፉ ጥላ የሚያርፈው ጣሊያኖቹ በደለደሉት መንገድ ላይ ስለሆነ ለመለካት ይመቻል። ዘጠና ስምንት ጫማ ሆነ።

ሁለተኛ ቆጠርኩ፤ ያው ዘጠና ስምንት። ዛፉ ከርቀቱ በሦስት ጫማ ይበልጣል። ጫፉ ግድግዳውን አልፎ ይገባል ማለት ነው።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። «እህ?» አለችኝ።

«ይመታናል፣ እማዬ» አልኳት።

ወደ ውስጥ ገባችና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሰፌዶች አንድ በአንድ ታወርድ ጀመር። ጣሊያኑ በአውራ ጣቱ የፈረደበትን ቤት እኔ በቁጥር ደገምኩበት። ያን ቀን ሂሳብን ጠላሁት።

ረቡዕ ጠዋት ሱቅ ስገባ እትዬ ፊቴን አይታ፣ «ማን ሞተ?» አለችኝ። ነገርኳቸው። ጋሼ መርፌያቸውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«መቼ ነው የለካሽው?» አሉ።

«ጥላዬ ሰባት ሲሞላ።»

«ለምን ሰባት?»

«ሰው በገዛ ጫማው ሰባት ስለሆነ።»

«የትኛው ሰው?»

ወደ እግሬ አየሁ። ከዚያ፣ «አባቴ እንዲህ ይላሉ» አልኩ።

«አባትሽን አላልኩም። አንቺ ስንት ነሽ?»

እትዬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ በክንዷ ጠረገችው። «ነይ ተጋደሚ! ዛሬስ እንደ ሱፍ ነው የምለካሽ» አለች። ጠረጴዛው ላይ ተኛሁ። ሜትሯን ከተረከዜ እስከ አናቴ ዘረጋችው። ሜትሩ ስላጠረ ጫፉ ላይ በሳሙና ምልክት አድርጋ ቀጠለች። «መቶ ሃምሳ ስድስት» አለች። ከዚያ እግሬን ያዘችው። «ሃያ አራት። ኧረ ይቺ ልጅ እንዴት ያለ እግር አላት! ለቁመቷ የማይገባ!»

ጋሼ ሳሙናውን ለእኔ ሰጡኝ። ተነሥቼ ሱፉ ላይ መቶ ሃምሳ ስድስትን ለሃያ አራት አካፈልኩ። ስድስት ተኩል።

ስድስት ተኩል ነኝ! አባቴ ረዥም ናቸው፣ እግራቸውም ትንሽ ነው፤ በኋላ ስለካቸው በትክክል ሰባት ሆኑ። የነገሩኝ ሐሰት አልነበረም። ለእርሳቸው እውነት የሆነውን ቁጥር እኔ በራሴ እግር ይዤው መሄዴ ነው ስህተቱ።

«ግማሽ ጫማ ናት» አልኩ።

«በአንቺ ላይ ግማሽ ጫማ ናት» አሉ ጋሼ። «በዛፉ ላይስ?»

የእኔ ጥላ ሰባት፣ የዛፉ ጥላ ዘጠና ስምንት። ዛፉ አሥራ አራት እኔን ያህላል። አሥራ አራት ጊዜ ግማሽ ጫማ፣ ሰባት ጫማ ነው። አሥራ አራትን በስድስት ተኩል አባዛሁ። ዘጠና አንድ። ርቀቱ ዘጠና አምስት ነው። ዛፉ ቤታችን ጋ ሳይደርስ አራት ጫማ ይቀረዋል።

እትዬ እጇን አጨበጨበች። ከዚያ ሁላችንም ያንኑ አንድ ነገር አሰብን። ለአለቃው ማን ይንገረው?

«እኔ መውጣት አልችልም» አሉ ጋሼ። ፊታቸው ሲጨልም አየሁት። እንዲህ ያለ ሂሳብ ለጣሊያን የሚያስረዳ ልብስ ሰፊ ከየት መጣ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። «አንቺ ነሽ የምትነግሪው።»

«እኔ? እኔማ አልችልም፣ ጋሼ። ድምፄ አይወጣም።»

«ድምፅ ከእኔ ነው!» አለች እትዬ። «ጠርቼ አቆምልሻለሁ። የቀረውን ግን አንቺው፤ እግሩ ያንቺ ነውና።»

«ማን አስተማረሽ ቢሉኝስ?»

«ጥላ መለካት ማን አስተማረሽ?» አሉ ጋሼ።

«አባቴ።»

«እንግዲያው እውነቱን ተናገሪ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እኔና እትዬ መንገዱ ዳር ቆምን። አባቴ ዱላቸውን ተደግፈው ከኋላችን መጡ። አለቃው ከሠራተኞቹ ጋር ነበር። እትዬ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ «አስተርጓሚ! አንተ አስተርጓሚ! ይቺ ልጅ ለጌታህ የምትነግረው አላት!» ብላ ጮኸች። መንገደኛው ሁሉ ዞር አለ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ምን ትላለች?» አለ አስተርጓሚው።

አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። እትዬ በክርኗ ጎሰመችኝ። የኖራው መስቀል ከሩቅ ይታየኛል።

«ዛፉ ቤታችንን አይመታም» አልኩ። «አራት ጫማ ይቀረዋል።»

አስተርጓሚው ሳቀ። ቢሆንም ተረጎመው። አለቃው አልሳቀም፤ እንዴት እንዳወቅኩ ጠየቀ። ጥላዬን አሳየሁት። ቁመቴ በጫማዬ ስድስት ተኩል መሆኑን፣ ጫማዬ ሃያ አራት ሳንቲሜትር መሆኑን ነገርኩት። አስተርጓሚው በየመካከሉ፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ እኔም ይግባኝ!» ይለኛል። አለቃው ዙሪያውን ተመለከተና በጣቱ አንድ የስልክ ምሰሶ አሳየ።

«የዚህ ቁመት ስንት ነው ይልሻል። እሱ ያውቀዋል፤ ያቆመው እሱ ነው። ከሳትሽ ሁለተኛ እንዳትመጪ።»

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እትዬ በራሴ ጥላ ጫፍ ላይ ጠጠር አደረገች፤ ሮጣም በምሰሶው ጥላ ጫፍ ላይ ሌላ አደረገች። ለካሁ፤ የእኔ ጥላ ስድስት ጫማ። የምሰሶው ሃያ ሰባት። ሰው ከቦኝ ነበር። ወረቀት አልነበረኝም፤ ሁለት ዓመት ያለ ወረቀት መማሬ ለዚያች ቀን ጠቀመኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጥቁሩን ሱፍ አየሁት። ሃያ ሰባት የስድስት አራት እጥፍ ተኩል ነው። አራት ተኩል ጊዜ ስድስት ተኩል፣ ሃያ ዘጠኝ ከሩብ። ያንን በሃያ አራት ሳንቲሜትር።

«ሰባት ሜትር» አልኩ። «ሁለት ሳንቲሜትር ቢበልጥ ነው።»

አስተርጓሚው ተረጎመ፤ የአለቃውን መልስ ሰማና እጁን አወናጨፈ። «ተሳስተሻል! ስምንት ሜትር ነው። በይ ሂጂ።»

ሰው አጉረመረመ። እንደገና አባዛሁት፤ ያው ሰባት ነው። ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ መሬት የገባበትን ቦታም አየሁ። በዚያች ደቂቃ የገባኝ ነገር ያስደሰተኝን ያህል ሌላ ነገር አስደስቶኝ እንደሆነ አላውቅም።

«የለካሁት ከመሬት በላይ ያለውን ነው» አልኩ። የገዛ ድምፄ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። «መሬት ውስጥ ያለ ነገር ጥላ የለውም።»

አስተርጓሚው ሲተረጉመው አለቃው ምሰሶውን ዞሮ አየ። ኮፍያውን ገፋ አደረገ። ከዚያ ጥቂት ቃል ተናገረ፤ አስተርጓሚው ወዲያው አልተረጎመውም።

«ምን አለ? ተርጉም እንጂ!» አለችው እትዬ። «ለስድቡ ጊዜማ ቶሎ ነበርክ!»

«አንድ ሜትሩ መሬት ውስጥ ተቀብሯል አለ» አለ አስተርጓሚው ቀስ ብሎ። «ልክ ናት አለ።»

አለቃው የብረት ሜትሩን አስመጥቶ ከዛፉ እስከ ግድግዳችን አስለካ። ሃያ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ሆነ፤ የእኔ ዘጠና አምስት ጫማም ሲባዛ ልክ ይኸው ነው። የዛፉን ነገርኩት፤ ሃያ አንድ ሜትር ከሰማንያ አራት። በመካከሉ ያለው አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ብዙ አሰበ። ከዚያ ማን እንዳስተማረኝ አስጠየቀ። አባቴን አሳየሁት።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት ያስተማሯት?» አለ አስተርጓሚው።

አባቴ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ዓይናቸው በደንብ አያይም፤ ግን ያን ጊዜ ያዩኝ መሰለኝ። እስከዚያች ሰዓት ለእርሳቸው ልብስ ስፌት ብቻ የምማር ልጅ ነበርኩ።

«ጥላውን እኔ አስተማርኳት» አሉ። «ሰባቱ የእኔ ነው። ስድስት ተኩሉ የራሷ ነው።»

አለቃው በመጨረሻ ፈረደ። ቤቱ አይፈርስም። ዓርብ ዛፉ ሲቆረጥ ማንም ውስጥ እንዳይገኝ። ቢመታ ግን ማንም አይጠየቅም።

ዓርብ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። እናቴ ዕቃውን ሁሉ አውጥታ ከቤቱ ኋላ ከምራዋለች፤ ሰፌዶቹ ከሁሉ በላይ ናቸው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ሠራተኞቹ ግንዱ ላይ ገመድ አስረው ወደ እኛ ሳቡት። መጋዙ አቆመ። ዛፉ ለጥቂት ጊዜ ሐሳቡን እንደሚቀይር ሰው ቆሞ ቀረ፣ ከዚያ ተሰነጠቀና መጣ። ሲመጣ ሰማዩን በሙሉ ይዞ መጣ። የቤታችን ቆርቆሮ በንፋሱ ተንቀጠቀጠ፤ አቧራው ቤቱንም ዛፉንም ዋጠው። የባሕር ዛፍ ሽታ አፍንጫችንን ሞላው።

አቧራው ሲገፈፍ በመጀመሪያ የታየኝ የኖራው መስቀል ነው። ነጭ ሆኖ ቆሟል። የዛፉ ጫፍ ቅጠሉን ዘርግቶ ከፊቱ ተኝቷል። በመካከላቸው ባዶ መሬት አለ።

እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። እትዬ ተቀበለቻት። ሴቱ ሁሉ ሲቀበል አባቴ ዱላቸውን ወደ ላይ አነሡ። አስተርጓሚው ሳይቀር፣ «አንቺ ልጅ፣ የእኔንም ቁመት ትለኪኛለሽ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሲያቅፈኝ ግን ልቤ አልረጋም ነበር። አምልጬ ሄድኩና ከዛፉ ጫፍ እስከ ግድግዳው ለካሁ። ስድስት ጫማ። አራት ነበር ያልኩት።

«ምን ትፈልጊያለሽ አሁን?» አለችኝ እትዬ። «ተርፈናል እኮ!»

«ሁለት ጫማ በለጠ።»

«ወላሂ፣ ይቺ ልጅ በሠርጓም ቀን ትቆጥራለች!»

በግንዱ ጎን ተረከዝ ከጣት እያገናኘሁ ወደ ኋላ ተመለስኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ጉቶው ቆሟል። ሠራተኞቹ ጎንበስ ላለማለት ጉልበታቸው ቁመት ላይ ነበር የቆረጡት። እግሬን አንሥቼ በጎኑ ለካሁት። ሁለት ጫማ ነው፤ ቢጎድል አንድ ጣት። ያን ጊዜ ብቻዬን ሳቅኩ።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ሄድኩ። ጋሼ ከበሩ ስንጥቅ ሁሉን አይተዋል። ተነሥተው ጥቁሩ ሱፍ ላይ ትልቅ ዘጠኝ ጻፉ።

«ይኼ የመጨረሻው ፈተናሽ ነው» አሉ። «የመግቢያውን ትምህርት ጨርሰሻል። አንዷን የቀነስኩት ስለ ጉቶው ነው፤ አስቀድመሽ ማሰብ ነበረብሽ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እጅ ነሥቼ ዝም እል ነበር። ያን ቀን ግን መንገዱ ላይ የወጣው ድምፄ ገና ወደ ውስጥ አልተመለሰም ነበር መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ዘጠኝ አይገባኝም» አልኩ። «የተጠየቅኩት የዛፉን ቁመት ነው። ዛፉ ዘጠና አንድ ነው። ጉቶው ሁለት፣ የወደቀው ሰማንያ ዘጠኝ፤ ደምሩት። የት እንደሚቆርጡት የመረጡት እነሱ ናቸው።»

እትዬ መቀሷን አስቀመጠች። ጋሼ ሱፉን በመዳፋቸው ሁለቴ መቱት፤ ዘጠኙ ብናኝ ሆኖ ወረደ። ሳሙናውን አንሥተው አሥር ጻፉ። በሩ ክፍት ነበር፤ ሰው ያልፋል። አላራገፉትም።